የሐረሪ ቤት ቀይ መደብ፤ ስለ ቀለሙ አመጣጥ

ስለ ሐረር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት ከግንቡ ነው። ጀጎልን ማን አሠራው፣ በሮቹ ስንት ናቸው፣ በየትኛው በር ማን ገባ፣ በየትኛው ማን ወጣ እያሉ ይመረምራሉ። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ከተማይቱ ከ16ኛው ምዕተ ዓመት፣ ከአሚር ኑር ዘመን ጀምሮ የኖረችው በግንቡ ተጠግታ ነውና። ነገር ግን በግንቡ ውስጥ የሚኖረው ሰው ዕድሜውን የሚያሳልፈው በግንቡ ላይ ሳይሆን በቤቱ ነው፤ በቤቱም ውስጥ እንግዳ በሚቀበልበት፣ ማዕድ በሚቀርብበት፣ ልጁን በሚድርበትና ለሞተበት በሚያለቅስበት በአንድ ክፍል ነው። ይህ ክፍል በሐረሪ ቋንቋ ጊድር ጋር ይባላል፤ ትርጓሜውም ትልቅ ቤት ማለት ነው። ስሙ ትልቅ ይሁን እንጂ ስፋቱ ትንሽ ነው። ቀለሙም ከወለሉ እስከ መደቦቹ ድረስ ወደ ጥቁረት የሚያደላ ቀይ ነው።

ከአንድ ዓመት በፊት ስለዚሁ ክፍል አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቼ ለጓደኞቼ አንብቤ ነበር። ስለ ቀለሙ የተናገርሁት ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሐረሪዎች ወለላቸውንና መደባቸውን ቀይ የሚያደርጉት በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው የሚል ነበር። ሐረርን የጎበኘ ሰው ይህን ሳይሰማ አይመለስም፤ ሽማግሌው ይናገረዋል፣ አስጎብኚው ይናገረዋል፣ ሕፃኑም ይናገረዋል። አንብቤ ስጨርስ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ጓደኛዬ፣ «ከጨለንቆ በፊትስ ምን ቀለም ነበር?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። አንዳንዱ ሳቀ። መምህራችን ግን አልሳቁም፤ «ሄደህ ጠይቅ» አሉኝ።

ጥያቄው የክፍል ውስጥ ክርክር ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ሐረር ከደረስሁ በኋላ ነው። አባቱ የሞተበትን ሰው፣ «ጥቁር የለበስኸው በእውነት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ወይስ ቀድሞም ትለብስ ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ባለጌ ይባላል። ታሪክ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ይህን ሳይጠይቅ ቢያልፍ ሥራውን አልሠራም። በሁለቱ መካከል እንዴት እንደ ተጓዝሁ አንባቢ ይፍረድ። ዓመተ ምሕረቱን የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው፤ የፈረንጆቹን ስጠቅስ ለይቼ አመለክታለሁ።

የሐረሪ ቤት ከመንገድ ሲያዩት ምንም አይናገርም። ጠባብ መንገድ፣ ከፍ ያለ የድንጋይ አጥር፣ በአጥሩ ውስጥ አንድ የእንጨት በር፤ ይኸው ነው። በሩ ተከፍቶ ሲገቡ ግቢ አለ፤ ከግቢው ወዲያ ቤቱ። ግድግዳው በአካባቢው ድንጋይና በጭቃ የተሠራ ወፍራም ነው። ጣሪያው በቀድሞው አሠራር ጠፍጣፋ ሆኖ ተቀራርበው በተደረደሩ እንጨቶች ላይ አፈር የተደለደለበት ነበር፤ ቆርቆሮ የመጣው ኋላ ነው። ከዋናው ክፍል ጎን ኪርታት የሚባል አነስተኛ ክፍል አለ፤ ሙሽሮች ከሠርጉ በኋላ ጥቂት ጊዜ የሚቆዩበት እርሱ ነው ይላሉ። ዴራ የሚባል የዕቃ ክፍልም አለ፤ በአንዳንዱ ቤት ከላይ ቃላ የተባለ ፎቅ ይጨመርበታል። እነዚህን ሁሉ እተዋቸዋለሁ፤ ጉዳያችን ከዋናው ክፍል ጋር ነው።

ከደጅ ፀሐይ ወደ ጊድር ጋር የገባ ሰው መጀመሪያ ምንም አያይም። ብርሃን የሚገባው ከሞላ ጎደል በበሩ በኩል ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶ ዓይን ሲለምድ መጀመሪያ የሚታየው በኖራ የነጣው የላይኛው ግድግዳ ነው፤ በላዩም የተሰቀሉት ስፌቶች፣ ጎድጓዳና ዝርግ የቆርቆሮ ሳሕኖች፣ በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩት መስኮት መሰል ስፍራዎች የተቀመጡት ዕቃዎችና መጻሕፍት ይታያሉ። ከበሩ በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ በቤቱ አለች ማለት ነው ይባላል። ወለሉና መደቦቹ የሚታዩት ከሁሉ በኋላ ነው። ቀስ እያሉ ከጨለማው ውስጥ ይወጣሉ፤ ሲወጡም ቀይ ናቸው።

መደብ ያልሁት ሐረሪዎች ነደባ የሚሉትን ነው። በእኛ በአማሮች አገር ቤት መደብ ሲባል በግድግዳው ሥር የሚሄድ፣ ቁመቱ አንድ ዓይነት የሆነ የጭቃ መቀመጫ ነው፤ ሌሊት ይተኙበታል፣ ቀን ይቀመጡበታል። የሐረሪው ነደባ ግን ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ ያለ ነው፤ በአንድ ክፍል ውስጥም አምስት ይሆናል። ስማቸው አሚር ነደባ፣ ጊድር ነደባ፣ ቲት ነደባ፣ ሱትሪ ነደባ እና ገብቲ አሔር ነደባ ነው። አሚር ነደባ የቤቱ ጌታና የከበረ እንግዳ ስፍራ ነው። ጊድር ማለት ትልቅ፣ ቲት ማለት ትንሽ ነው። ሱትሪ ነደባ ስሙ እንደሚያመለክተው ከገቢ ወጪው ዓይን የተከለለ ነው፤ ገብቲ አሔር ከበሩ በስተኋላ ያለው ነው። ማን የት እንደሚቀመጥ ማንም አይናገርም፤ የሚያውቅ ያውቃል። እኔ የማላውቅ ስለ ነበርሁ በመጀመሪያ ቀን ሰተት ብዬ ገብቼ አሚር ነደባ ላይ ተቀመጥሁ። የቤቱ እመቤት ምንም አላሉኝም። አንድ ትንሽ ልጅ ግን አፉን በእጁ ይዞ ወደ ግቢው ሮጠ፤ ከዚያም የብዙ ልጆች ሳቅ ተሰማ። የነደባን ሥርዓት ከመጽሐፍ ይልቅ ያን ጊዜ በደንብ ተማርሁት።

ቀለሙ የሚዘጋጅበት አፈር በሐረሪ ቋንቋ ቄሕ አፈር ይባላል፤ ቀይ አፈር ማለት ነው። በውኃ ይበጠበጣል፣ በጨርቅ ወይም በእጅ ይለቀለቃል፤ በሌላው የአገራችን ክፍል ወለል በእበት እንደሚለቀለቅ ያለ ነው። ሲደርቅ ጠይም ቀይ ይሆናል፤ ሰው ሲቀመጥበትና ሲሄድበት ደግሞ እየለሰለሰ፣ እየጠቆረ፣ እንደ ቆዳ ይሆናል። ሥራው የሴቶች ነው። ከሠርግና ከበዓል በፊት ይታደሳል።

ጠባብ ክፍል ነጭ ይቀባ፤ ጥቁር ቀለም ክፍልን ያጠባል የሚል ምክር ዛሬ በአዲስ አበባ ቤት የሚያሠራ ሁሉ ይሰማል። የጊድር ጋርን ልማድ የሠሩት ሰዎች ይህን ምክር አልሰሙም፤ ቢሰሙም የሚቀበሉት አይመስለኝም። ምክንያቱን ለማወቅ በክፍሉ ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ መቀመጥ ይበቃል። በበሩ የሚገባው ብርሃን አስቀድሞ የሚያርፈው በወለሉ ላይ ነው። ወለሉ ነጭ ቢሆን ዓይን ከእግር በታች ይታወር ነበር፤ ፊትም ከታች በሚመጣ ብርሃን ሌላ መልክ ይይዝ ነበር። ቀዩ ወለል ብርሃኑን ይውጠዋል። የተረፈው በላይኛው ነጭ ግድግዳ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም ተመልሶ በተቀመጠው ሰው ፊት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ በዚያ ክፍል ሰው የሚታየው ከወገቡ በላይ ነው፤ ከወገቡ በታች ያለው ሁሉ፣ መደቡም ምንጣፉም፣ በአንድ ጥቁር ቀይ ውስጥ ይዋሐዳል። የነደባዎቹ ጠርዝ በግማሽ ጨለማ ውስጥ ስለማይለይ ክፍሉ የት እንደሚያልቅ ዓይን አይቆርጥም፤ ትንሹም ክፍል ሰፊ ይመስላል።

ሌላም ቀላል ምክንያት አለ። መደብ ላይ እጅ ያርፋል፣ እግር ይወጣል፣ ጀርባ ይደገፋል፣ ቡና ይፈስሳል። ነጭ ቢሆን በሳምንቱ ያድፋል። ኖራ ደግሞ ይገዛል፤ እጅም ያቃጥላል። ቀይ አፈር በነፃ ይገኛል፣ እጅ አይጎዳም፣ የተጎዳውን ስፍራ ብቻ ነካ አድርጎ ማደስ ይቻላል። የቤት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ውበት ሲናገሩ ስለ ማጽዳት መርሳት ልማዳቸው ነው፤ የሚያጸዱት እነርሱ ስላልሆኑ ይመስለኛል።

እንግዲህ ወደ ጨለንቆ እንመለስ። ሐረር ከ1640 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ በዓሊ ኢብን ዳውድ ዘር በሆኑ አሚሮች ትተዳደር ነበር። በ1868 ዓ.ም. በራውፍ ፓሻ የሚመራው የግብፅ ጦር ከተማይቱን ያዘ፤ አሚር መሐመድም ተገደለ። ግብፆች ዐሥር ዓመት ያህል ቆይተው በ1877 ዓ.ም. ሲወጡ የአሚሩ ልጅ አብዱላሂ በአባቱ ስፍራ ተቀመጠ። ይህ የመጨረሻው አሚር ነው። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን (በፈረንጆች በጥር 1887) በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ጦር ይዘው ሲመጡ፣ አሚሩ ከሐረር በስተ ምዕራብ ባለችው በጨለንቆ ሊገጥማቸው ወጣ። ውጊያው ረጅም አልነበረም። የአሚሩ ሠራዊት ፈረሰ፤ አሚሩ ሸሸ፤ ምኒልክ ሐረር ገቡ፤ አገሩንም ኋላ ራስ ለተባሉት ለመኰንን ሰጡ። የከተማይቱ ነጋዴና ገበሬ ለዘመቻ ወጥቶ ነበርና ሐዘኑ ከአሚሩ ግቢ አልፎ ወደ ብዙ ቤት ገባ።

የአፍ ታሪኩ ከዚህ ይቀጥላል። ከዚያ ቀን በኋላ ሐረሪዎች ወለላቸውንና ነደባቸውን ቀይ አደረጉ፤ የሞቱት እንዳይረሱ።

ይህን ስመረምር ሦስት ነገር አስቸገረኝ። የመጀመሪያው አፈሩ ራሱ ነው። በሐረር ዙሪያ ቀይ አፈር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከእግር በታች ነው። ቤታቸውን በድንጋይና በጭቃ የሚሠሩ ሰዎች ምዕተ ዓመታት ሙሉ ይህን አፈር በእጃቸው ይዘው ሳይለቀልቁበት ኖረው፣ በ1879 ዓ.ም. በድንገት አሰቡት ማለት ለእኔ ከባድ ነው።

ሁለተኛው የሪቻርድ በርተን ምስክርነት ነው። ይህ እንግሊዛዊ ከዘይላ ተነሥቶ በ1847 ዓ.ም. (በፈረንጆች በጥር 1855) ሐረር ገብቶ ዐሥር ቀን ተቀምጧል፤ ከጨለንቆ ሠላሳ ሁለት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በርተን ሐረርን የሚወድ ሰው አልነበረም፤ ያየውን ሲጽፍም ንቀቱን አይደብቅም። ነገር ግን ዓይኑ የሰላ ነበር። የአሚር አሕመድን ቤተ መንግሥት ሲገልጽ፣ በሻካራ ድንጋይና በቀላ ያለ ሸክላ አፈር የተሠራ፣ መስኮት የሌለው ረጅም ቤት እንደ ሆነ፣ ጌጡም ከበሩ በላይ የተቀባች ስስ ኖራ ብቻ እንደ ሆነች ይናገራል። አሚሩ የተቀበለው በጨለማ ክፍል ውስጥ ነው፤ ግድግዳው በኖራ የነጣ፣ በላዩም የዛጉ ጠብመንጃዎችና የተወለወሉ የእግር ብረቶች የተሰቀሉበት ነበር። እንግዲህ ቀይ አፈርና ነጭ ኖራ፣ ጨለማ ክፍልና በነጭ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ፣ ይህ ሁሉ ከጨለንቆ በፊት በሐረር ነበረ ማለት ነው። ጌጡ ስፌት ሳይሆን እግር ብረት መሆኑ የባለቤቱን ሥራ ያሳያል።

ሦስተኛውን ያገኘሁት ሳልፈልገው ነው። ይኸው በርተን ስለ ሴቶቹ ልብስ ሲጽፍ፣ ቀሚሳቸው በኒል የተነከረ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ጠይም ቡናማ እንደ ሆነ፣ ከፊትና ከኋላም ጫፉ ወደ ታች የሆነ የቀይ ጨርቅ ሦስት ማዕዘን እንደ ተሰፋበት ይናገራል። ስለዚህ ጠይም ቀለምን ከደማቅ ቀይ ጋር ማዋል የሐረር ሴቶች ከጨለንቆ በፊት ያወቁት ነገር ነበር። ወለሉን የሚለቀልቁትም እነዚሁ ሴቶች ናቸው።

ከዚህ በላይ መሄድ አልፈልግም። የጠቀስሁት ምስክርነት ስለ ግድግዳና ስለ ልብስ እንጂ ስለ ነደባ ቀለም አይደለም፤ ከግድግዳ ወደ ነደባ መሻገር የእኔ ግምት ነው። ግምቴ ግን ይህ ነው፤ ቀዩ አፈር ከጨለንቆ የቀደመ ነው።

ይህን ከወሰንሁ በኋላ አንድ ሌላ ጥያቄ ተነሣብኝ። ቀለሙ ቀድሞም ከነበረ ስለ ምን ከ1868 ዓ.ም. ደም ጋር አልተያያዘም? ያን ጊዜም አሚር ተገድሏል፣ ከተማይቱም በባዕድ እጅ ወድቃለች። እንደሚመስለኝ መልሱ ቀጥሎ በመጣው ነገር ላይ ነው። ግብፆች መጡ፣ ሄዱ፤ አሚሩም በልጁ ተተካ። ያ ቁስል ሽሯል። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ግን አሚር አልተመለሰም። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ መንግሥት በአንድ ቀን አበቃ፤ ለሞቱት ሐውልት የሚያቆም፣ ስማቸውን በአደባባይ የሚጠራ መንግሥትም አልነበረም። ሐዘኑ ወደ ቤት ገባ፤ በቤትም ውስጥ ቀድሞ የነበረ ቀይ ነገር አገኘ።

ይህን አሳቤን ለዚያች ቤት እመቤት ልንገራቸው አልንገራቸው እያልሁ ሁለት ቀን ቆየሁ። በሦስተኛው ቀን ቡና ሲፈላ (አሁን የምቀመጥበትን ስፍራ አውቄ ነበር) ፈራ ተባ እያልሁ፣ «እማማ፣ አይቆጡኝና፣ ይህ ቀይ አፈር ከጨለንቆ በፊትም የነበረ ይመስለኛል» አልኋቸው።

አልተቆጡም። ሲኒውን አስቀምጠው ነደባውን በመዳፋቸው ዳሰስ አደረጉ። «አፈሩማ ይኑር እንጂ ልጄ፣ አፈር መቼ ጠፍቶ ያውቃል?» አሉ። «ከዚያ በፊት ስንቀባ ቤት አሳመርን እንል ነበር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን እንዲህ ማለት ቀረ። እኔ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስለቀልቅ፣ እጄን ይዛ፣ ይህ የእነ እገሌ ነው፣ ይህ የእነ እገሌ ነው እያለች ትቆጥርልኝ ነበር። ወንዶቹ ሄደው አልተመለሱም። የቀረነው ሴቶች ነን። እኛ መጻፍ አንችልም ነበር፤ መለቅለቅ ግን እንችላለን።»

በዚያን ዕለት በማስታወሻዬ ላይ ሌላ ነገር አልጻፍሁም። ጓደኛዬ ከክፍሉ በስተኋላ ሆኖ የጠየቀው ጥያቄ መልሱ ሁለት መሆኑን ያን ጊዜ አየሁ። አፈሩ መቼ ተጀመረ ቢባል፣ በእኔ ግምት ከጦርነቱ በፊት ነው። ቀለሙ ደም የሆነው መቼ ነው ቢባል፣ በ1879 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛውን እንደ ተረት የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል። የአሚሮቹን ታሪክ የጻፉት ወንዶች ናቸው፤ በዐረብኛም በወረቀት ላይ ጽፈውታል። የሞቱትን ሰዎች ታሪክ ግን በየበዓሉ በእርጥብ አፈር ላይ ደግመው ደጋግመው የጻፉት እናቶችና እኅቶች ናቸው። እርሱ ጽሑፍ ስም የለውም፣ ዓመተ ምሕረት የለውም፤ ሲያረጅ ደግሞ በላዩ ሌላ ይደረብበታል። ሆኖም በየዓመቱ የሚታደስ መዝገብ መሆኑ የሚካድ አይደለም። በትምህርታችን ስለ አፍ ታሪክ ብዙ እንሰማለን፤ ስለ እጅ ታሪክ ግን የነገረን የለም።

እንግዲህ በቤቱ ውስጥ ኋላ ስለ ገባው ለውጥ ጥቂት ልናገር። በ1895 ዓ.ም. የጅቡቲው የምድር ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ የሐረር የንግድ መንገድ ፊቱን አዞረ። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ረከሰ፤ ቀለም የተቀቡት የቆርቆሮ ሳሕኖች በግድግዳው ላይ ከስፌቶቹ ጎን ተሰቀሉ። የህንድ ነጋዴዎች ሰገነትና የተፈለፈለ እንጨት ያለበትን፣ መስኮቱ የበዛ ቤት ሠሩ፤ አንዳንድ የሐረሪ ባለጸጋም ያንኑ አሠራር ከአገሩ ጋር አቀላቀለው። መስኮት በበዛበት ክፍል ቀዩ ነደባ ሌላ ይሆናል። ብርሃን ከየአቅጣጫው ስለሚያገኘው ደማቅ ሆኖ ይታያል፤ ከጨለማ የሚወጣ ሳይሆን ገና ከበሩ የሚጮህ ነው። እኔ የፊተኛውን እወዳለሁ፤ ይህ ግን የእኔ ምርጫ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከበደው ለውጥ የዘይት ቀለም ነው። ዛሬ በብዙ ቤት ነደባው የሚቀባው በሱቅ ቀለም ነው። ያብረቀርቃል፣ በውኃ ይታጠባል፣ ቶሎ አይለቅም። የሚቀባውም በቀን ሒሳብ የሚከፈለው ቀለም ቀቢ ነው። ይህን አልነቅፍም፤ ጉልበቱን ስቶ በእርጥብ አፈር ላይ ተንበርከክ ብሎ ማንንም ማዘዝ አይቻልም። የሆነ ሆኖ ቀለሙ ቶሎ ስለማይለቅ በየበዓሉ መታደሱ ቀረ፤ መታደሱ ሲቀር ደግሞ እናት ከልጅዋ ጋር ተቀምጣ የምትቆጥርበት ሰዓት አብሮ ቀረ። ነገሩ አልጠፋም። የሚናገረው ግን አስጎብኚው ሆኗል፤ እርሱም ለሁሉ አንድ ዓይነት አድርጎ ይናገረዋል፣ የማንንም ስም አይጠራም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. (በፈረንጆች በ2006) በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ ግንቡና ቤቶቹ አብረው ተመዝግበዋል። ይህ መልካም ነው። ሆኖም መዝገብ ቤትን እንጂ የቤትን ልማድ መጠበቅ አይሆንለትም።

እኒያን እመቤት «የእናትዎ ዝርዝር ከእርስዎ ጋር አለ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። ጥቂት ስሞች አሉኝ፤ ከዚያ ቆም አሉ። «ስለቀልቅ ነው የሚመጣልኝ፤ እንዲሁ ተቀምጬ አይመጣልኝም» አሉ። ስሞቹን በሌላ ደብተር ጽፌ ለቤተሰቡ ትቻለሁ እንጂ በዚህ ጽሑፍ አላወጣኋቸውም፤ የእነርሱ ናቸውና።

ከሐረር ከመነሣቴ በፊት በነበረው ቀን ሱትሪ ነደባው ጠርዝ ላይ አንድ የተፈነቀለ ስፍራ አሳዩኝ። ከባድ ሣጥን ሲያነሡ ነው የተሰበረው። በተሰበረው በኩል ከላይ የሚያብረቀርቀው የዘይት ቀለም እንደ ቅርፊት ይታያል፤ ከእርሱ በታች የደበዘዘ ቀይ አፈር፣ ከእርሱ በታች ሌላ ቀይ አፈር፣ እንዲሁ እየቀጠነ የሚሄድ ድርብ አለ፤ በመጨረሻ ገለባ የተቀላቀለበት ምርጊት ነው። ስንት ድርብ እንደ ሆነ በዓይን መቁጠር ጀምሬ ነበር፤ ከአንድ ስፍራ በኋላ ግን አንዱ ከሌላው አልለይ አለኝ። በጀጎል ውስጥ ከ1879 ዓ.ም. በፊት እንደ ተሠራ በውርስ ጽሑፍ የሚረጋገጥ ቤት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ባለቤቱም ከፈቀደ፣ ከነደባው ጠርዝ የጥፍር ያህል ተወስዶ በማጉያ መነጽር ቢታይ፣ የታችኛው ድርብ ቀይ መሆኑና አለመሆኑ ይታወቃል። ይህን ለማድረግ የኬሚስትሪ ክፍል ተማሪ ያስፈልገኛል። ፈቃደኛ የሆነ ቢኖር በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ አብረን እንሄዳለን፤ የት እንደሚቀመጥ ግን አስቀድሜ እነግረዋለሁ።